አባባ ቴሌቪዥኑ ጠበበ ባሉ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ፣ ከዕቃ ጠጋኞች ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ድምፅ ሰምቼ ባለሁበት ቀጥ አልኩ። ያ ጀርባው የተቆለለ የድሮ ቴሌቪዥን ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ነበር፤ መጀመሪያ ድም ይላል፣ ከዚያ እንደ ትንኝ ቀጥኖ ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም መስታወቱ ጭርጭር ብሎ ዝም ይላል። ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ፤ የሞቀ አቧራ ሽታው ሳይቀር መጣብኝ። ጠጋኙ «ምን ልርዳሽ እህቴ? የሚሠራ ቲቪ አለሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የለም፣ ዝም ብዬ ነው» አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ፤ ግን እቤቴ እስክደርስ ድረስ በዓይኔ ላይ የነበረው የምሄድበት መንገድ ሳይሆን የአባቴ ቤት ነበር።

እኛ ቤት ስለ ቴሌቪዥን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስንመክር ኖረናል። አሮጌው ይበቃል ወይስ ፍላት የሚባለው ጠፍጣፋው ይገዛ፣ የሚገዛ ከሆነስ ለጥምቀት ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ፣ እያልን ነበር የምንመክረው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እየጠፋ የነበረው ግን የቴሌቪዥኑ ብርሃን ሳይሆን የአባቴ ዓይን ነበር። ማንም ይህን አላወቀም። በጊዜው አውቀነው ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው ይተርፍ ነበር፤ ሐኪሙ በኋላ እንዲህ ብሎናል።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የቤታችን የፊት ክፍል ሱቃቸው ነበር፤ እኛ ከኋላው እንኖር ነበር። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ የደጁን መጋረጃ እያነሳ ሲገባ፣ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ደርበው የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ይውሉና፣ ማታ ሱቁን ዘግተው ሲገቡ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ዜና ይጠብቁ ነበር። የሚስባቸው ዜናው አልነበረም፤ የዜና አንባቢው ኮት ነበር።

«እዩት እስቲ፣ ግራ ትከሻው ተንጋዷል። ይሄን የሰፋው ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ ከሰው ተጣልቷል። ትከሻ በቂም አይሰፋም» ይሉ ነበር።

«አንቱ ደግሞ!» ትላቸው ነበር እማዬ፤ «ሰውየው ስለ ጎርፍ እየተናገረ አንቱ ስለ ትከሻው!»

«ጎርፉን እኔ አላቆመው። ትከሻውን ግን ቢሰጡኝ አቃናው ነበር።»

እንስቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አበጀ፣ እኔ፣ እማዬ፣ አንዳንዴም ከግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየችው አስተማሪ ሰናይት አብራን ትስቅ ነበር። ሰናይት ከሐዋሳ በኩል የመጣች፣ ፈጣን ወሬ የምታወራ፣ ከሰው ፊት ቀና ብላ የምትበላ ልጅ ነበረች፤ እማዬ «አመሏ ጥሩ ነው፣ አፏ ግን መዝጊያ የለውም» ትላት ነበር።

ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ የጠበበው በክረምት ነው። ያን ጊዜ በክረምት፣ በተለይ ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ፣ የመብራቱ ኃይል ይቀንስና ምስሉ ከግራና ከቀኝ እየተሰበሰበ፣ ዳር ዳሩን ጥቁር ይዞ መሐል ላይ ይቀር ነበር። ይህ እውነት ነበር፤ ሁላችንም አይተነዋል። አባባ «ጎኑ ጠቧል» ሲሉ እኛም «አዎ ጠቧል» እንል ነበር። አበጀ የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር ይሻላል ብሎ ጎተጎተ፣ ስታቢላይዘሩ ተገዝቶ ከቡፌው ሥር ተቀመጠ፣ ምስሉም እስከ ዳር ሞላ። ለእኛ ሞላ። አባባ ግን ከዚያም በኋላ «ጠቧል» ማለታቸውን አልተዉም፤ ዝናቡ ካባራ፣ መብራቱም ከጠነከረ በኋላ እንኳ አልተዉም።

«ዛሬም ጠቧል ይሄ ነገር» ይሉ ነበር፣ አንገታቸውን ወደፊት አስግገው።

«አዎ አባባ፣ ጠቧል» ይል ነበር አበጀ።

አንድ ማታ ወደ ጓዳ ገብቼ «እማዬ፣ ሞልቷል እኮ! እስከ ዳር ይታያል» ስላት፣ አፌን በመዳፏ ከደነችውና «አባትሽ ጠቧል ካሉ ጠቧል። አንቺ ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ እጅሽን ታጠቢ እንደምትለኝ ዓይነት ነበር የተናገረችው። ቤታችን እንዲህ ነበር። ትልቅ ሰው በተናገረው ላይ «አይደለም» አይባልም ነበር። አባባ «ዛሬ ብርዱ ከፋ» ሲሉ እያላበንም ቢሆን «ከፋ» እንል ነበር፤ ይህንንም ውሸት ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም፣ ምግብ ሲቀርብ ታላቅ እስኪጀምር እንደመጠበቅ ያለ ነገር ነበር።

መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ይከመርባቸው ነበር። ሰማያዊው ጨርቅ እስከ ጣሪያው ሊደርስ ሲቃረብ፣ አባባ ከጠዋት እስከ ማታ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፉ ነበር፣ ስፌቱም ቀጥ ያለ ነበር። መርፌውን ራሳቸው ክር ያስገቡለት ነበር፣ በአንድ ጊዜ። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ክር የሚያስገባላቸው ልጅ ሲጠሩ እሳቸው ይስቁባቸው ነበር። እንግዲህ እንዲህ ክር የሚያስገባ ሰው ዓይኑ ምን ሆኗል ይባላል? ደግሞም በዚያው ሰሞን፣ ጓዳ ሲገቡ የልብስ ሳፋ ረግጠው ውሃውን ደፉ፤ ከደጁ ጉበን ጋር ትከሻቸው እየተጋጨ መጣ፤ እማዬ «ሥራ ሲበዛበት ሰው ሐሳብ ይገባዋል» እያለች ውሃውን ትወለውል ነበር።

የዚያን ጊዜ ትልቁ ነገራችን የአያ ሞላ ኩርፊያ ነበር። አያ ሞላ የአባባ የልጅነት ጓደኛና የማኅበር ወንድም ናቸው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከአባባ ጎን መጥተው «እንደምን አደርክ ታከለ» ሊሉ ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ አባባ ቀጥ ብለው ወደፊት እያዩ አለፏቸው። እኛ አገር ሰላምታ መነፈግ ቀላል ነገር አይደለም። አያ ሞላ «ታከለ ኮራ፤ ቴሌቪዥን ላይ ካሉት ኮት ለባሾች ጋር ስለዋለ እኛን ናቀ» ብለው አወሩ፣ ማኅበር ቀሩ፣ በሱቁ በኩልም ማለፍ ተዉ። አባባ «በታቦቱ ስም አላየሁትም!» ብለው ቢምሉም የሚያምን አልተገኘም። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ጉልበት ተሳሳሙ፣ ጠላ ተጠጣ፣ ነገሩም አለቀ። ሽማግሌዎቹ «ይቅር ተባባሉ» አሉ፤ «አጠገብህ የቆመውን ሰው ለምን አላየኸውም?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ግን አልነበረም።

በኅዳር፣ እህል ተሰብስቦ ገበሬው እጁ ላይ ትንሽ ነገር ሲገኝ፣ አበጀ የፍላትን ነገር አመጣ። አንድ ሆቴል ውስጥ አይቶት መጥቶ፣ «ግድግዳ ላይ ይሰቀላል አባባ! ጀርባ የለውም! የሰውየው የፀጉሩ ዘለላ ይቆጠራል!» እያለ በሁለት መዳፉ ቅጥነቱን ያሳያቸው ነበር።

«ጀርባ የሌለው ነገር ያስፈራል» አሉ አባባ።

«ኧረ አባባ! ኮሌታውን ቁጭ ብለው ያዩታል ነው የምልዎት።»

ኮሌታ ሲባል አባባ ቀና አሉ። ከዚያ «ይሄኛው ነፍሱ እስኪወጣ ይቆይ። በሕይወት ያለ ነገር አይቀበርም» አሉ። ነፍሱ ወጥቶ እንደሆነ እንዲያረጋግጥ ጠጋኝ ተጠራ። ጠጋኙ የሠርጉን ሱፍ አባባ የሰፉለት ወጣት ነበር፤ ጀርባውን ከፍቶ አቧራውን እፍ እፍ አለና፣ አባባ «ጨልሟል፣ ጠቧልም» ሲሉት ምስሉን አየት አድርጎ፣ አባባንም አየት አድርጎ፣ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ዕድሜው ነው» አላቸው። ምስሉ እንዳልጨለመ የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን ሠርጉን ያደመቁለትን ሰው በሚስታቸውና በልጆቻቸው ፊት እንዴት ቃላቸውን ይመልስ?

እንግዲህ መግዛቱ ተቆረጠ፤ የቀረው መቼ የሚለው ነበር። መጀመሪያ ለጥምቀት ተባለ። ጥምቀት ሲመጣ የሱፍ ትእዛዙ በዛ፣ አባባ ለግዢ ባሕር ዳር የሚሄዱበት ጊዜ አጡ። እማዬ ደግሞ «ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ማን ሊያየው? ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አለች። እኛ ቤት ጾም ሲገባ ቴሌቪዥን አይከፈትም ነበር፤ እማዬ በዳንቴል ትሸፍነውና እስከ ትንሣኤ እንደዚያው ይቆይ ነበር። ያን ጾም ሙሉ አባባ ስለ ምስል አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቤቱ ሰላም መሰለን። ዳንቴሉ ሥር ያለው ቴሌቪዥን እንዳለ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ጾምም በዓልም ሳይል መንገዱን ይሄድ ነበር።

ፍላቱ የገባው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። አበጀ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይዞት መጣ። አሮጌው ከቡፌው ላይ ወርዶ ጓዳ ገባ። እማዬ ጠላ አቀረበች፣ ጎረቤት «ይባርክላችሁ» እያለ ገባ፣ አያ ሞላም መጥተው ከአባባ ጎን ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት አንዲት ድምፅ አላሰማም፤ ዝም ብሎ በራ፣ ብርሃኑም የሁላችንን ፊት ሞላው። አንድ ወንድ ዜና ያነብ ነበር፤ ምስሉ ላይ ግን አንባቢው አልነበረም፣ በአረንጓዴ ተዳፋት ላይ የተሰማሩ በጎች ነበሩ።

አያ ሞላ ጠላቸውን እየተጎነጩ፣ ጨዋታ ለማምጣት ብለው፣ «እህሳ ታከለ፣ ያንተ ነገር ኮት ነው። የዛሬውስ እንዴት ነው?» አሏቸው።

አባባ አንገታቸውን አስግገው ቆዩ። «ይሄስ ልክ ነው» አሉ። «ትከሻው ተቀምጧል። ፍላት የሚሻለው ለዚህ ነው።»

በጎቹ ሳር ይነጩ ነበር። ሁሉም ሰው በጎቹን አየ። አንዲት ጎረቤት «እውነት ነው» አለች። «ጥሩ ተሰፍቷል» አለ አበጀ፤ ድምፁ ግን የሱ ድምፅ አልመሰለኝም። የጎረቤት ልጆች ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል እማዬ ዓይኗን አፈጠጠችባቸው፣ ሳቁም ቀረ።

ይሄኔ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ የተቀመጠችው ሰናይት «ጋሽ ታከለ፣ ኮት የለም እኮ» አለች። «በግ ነው ያለው።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እማዬ፤ «ምን ያለ ቀልድ ነው? በአባትሽ ፊት እንዲህ ይባላል?»

«ይቅርታ እትዬ። ግን በግ ነው።» ሰናይት ተነስታ ከአባባ በስተቀኝ ቆመችና እጇን ከጆሯቸው ትንሽ ራቅ አድርጋ ዘረጋች። «ጋሼ፣ ዞር ሳይሉ፣ እጄን ያዩታል?»

አባባ ወደፊት እያዩ «የቱን እጅ?» አሉ።

አያ ሞላ ጠላቸውን መሬት አስቀመጡ። «ያን ዕለት አላየሁህም ያልከኝ ለካ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እማዬ ሰናይትን ለብዙ ቀን አኮረፈቻት፤ የቤት ኪራይ ስታመጣ እንኳ ቀና ብላ አላየቻትም ነበር። አባባን እጃቸውን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው ግን ሰናይት ነበረች።

ሰኔ ውስጥ ወደ ጎንደር ተላኩ። እማዬና እኔ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ወጣት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ የዓይን ግፊት የሚባል በሽታ እንደሆነ፣ ከዳር ጀምሮ እየበላ ወደ መሐል እንደሚመጣ፣ ሰውየው መሐሉን ስለሚያይ እንደማይነቃ ነገረን። «መርፌ ክር ያስገቡ የነበረው መሐሉ ስለቀረልዎት ነው» አላቸው። «የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ እንሞክራለን። ምነው ጠበበ ማለት በጀመሩ ጊዜ መጥተው ቢሆን።»

ስንመለስ አባባ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ነበር። ወረታን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ያ ቴሌቪዥን ጠቦ ነበር?» አሉ።

«መጀመሪያ ጊዜ ጠቦ ነበር» አለች እማዬ።

«ኋላስ?»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር።

«ኋላስ፣ አንቺ?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አላልሽኝ?»

«እንዴት አድርጌ አንቱን ‹አይደለም› ልበል?» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። አባባም ከዚያ ወዲያ አልጠየቋትም። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ፈለጉና እላዩ ላይ አሳረፉት፤ ደብረ ታቦር እስክንገባም አላነሱትም። ያን ቀን ከሁለቱ በየትኛቸው እንዳዘንኩ እስካሁን አላውቀውም።

ጠብታው የቀረውን ብዙ አላቆየውም። በቀጣዩ ጥቅምት እማዬ ሐሙሲት በኩል አድርጋ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ አይሆንም ቢልም እሷ ማድረግ የምትችለውን ሁሉ ሳታደርግ መቀመጥ አልቻለችም። እኔ እጃቸውን ይዤ ነበር የምመራቸው። እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ሲመጣ «ምን ይታይሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የሚያምር ነው አባባ። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል» አልኳቸው፤ ደስ እንዲላቸው ብዬ።

ቆም አሉ። «እንደሱ አይደለም። እንዳለ ንገሪኝ። እኔ እንግዲህ ያለሽኝን ነው የማየው።»

እንዳለ ነገርኳቸው። ሰዎቹ ተጨናንቀው እንደተቀመጡ፣ አንድ ሽማግሌ ቁስሉን በጨርቅ እንደሚያጥብ፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ዝቃጭ እንዳለበትና እንደሚያንሸራትት ነገርኳቸው። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉና እግራቸውን ጠንቀቅ አድርገው አነሱ።

ያን ዓመት ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቆምኩ። ማንም አቁሚ አላለኝም። አበጀ ሥራ ፍለጋ ወጣ፣ እማዬ ገበያ መዋል ጀመረች፣ አባባን የሚመራና ሱቁን የሚከፍት ሰው አስፈለገ፣ ያለሁትም እኔ ብቻ ነበርኩ። ከስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ እሳቸው ከጎኔ ሆነው፣ የሰፋሁትን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «እዚህ ጋ ጨርቁን ጎትተሻል፣ ፍቺው» እያሉ ሙያ አስተማሩኝ። ማታ ማታ ፍላቱ ፊት እንቀመጥና ኮቱን እነግራቸው ነበር፤ ኮሌታው ተነስቷል፣ ገበሩ ወጥቷል፣ የግራው ኪስ ዝቅ ብሏል እያልኩ። አንዳንዴ ይስቁ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን እኔ ሳወራ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ክር እንደሚያስገባ ሰው፣ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተያይዘው ይቀሩ ነበር። ፍላቱ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን ሳያዩት አረጀ። አባባም ካረፉ ቆይተዋል፤ እማዬም ተከተለቻቸው።

አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ። እኛም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፍላት አለን፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ወጥቶበታል፣ የልጆቼ አባት «ይቀየር፣ አሁን ሰፋፊ መጥቷል» ካለኝ ሰንብቷል፣ እኔ ደግሞ ይቆይ ይቆይ እላለሁ። እሱ ለገንዘቡ ሰስቼ ይመስለዋል። እኔ ግን ቴሌቪዥን ይቀየር በተባለ ቁጥር የአባባ ዓይን ትዝ ይለኛል፤ ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጆቼ ከደጁ ጉበን ጋር ሲጋጩ፣ ብርጭቆ ሲደፉ፣ ሰው ጠርቷቸው ቶሎ ዞር ሳይሉ ሲቀሩ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። ባለቤቴ «ልጅ ሁሉ ብርጭቆ ይደፋል» ይለኛል። ልክ ነው። እኔ ግን አላርፍም።

ስለዚህ አንድ ማታ ዓይናቸውን ልፈትን አልኩ። ምስሉ እንደ ቀትር ፀሐይ ብሩህ ሆኖ ሳለ፣ «ዛሬስ ይሄ ቴሌቪዥን ጨለመ፣ ጎኑም ጠበበ መሰለኝ» አልኩ።

ትንሹ ልጄ ናቲ «ኧረ እማዬ! የት ጋ ነው የጨለመው? አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ታዪ!» ብሎ ሳቀብኝ። አባቱ «ለእናት እንዲህ ይባላል?» ብሎ ሊቆጣው ሲል እጁን ያዝኩት።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሜሮን ግን ቴሌቪዥኑን ትኩር ብላ አይታ፣ «አዎ እማዬ፣ ጨለም ብሏል» አለችኝ።

ያን ሌሊት ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደተኛሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ሲነጋ ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳት። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና፣ በየመሥመሩ የተገለባበጡትን ምልክቶች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ እያለች እስከ መጨረሻዋ ጥቃቅን መሥመር ድረስ በጣቷ ጠቆመች። ግፊቷን ለኩ፣ የጎን እይታዋን መረመሩ፣ ሐኪሟም «ንጹሕ ነው፤ በየዓመቱ አምጫት እንጂ አትጨነቂ» አለችኝ። ፈጣሪን አመሰገንኩ። እንባዬን ጠርጌ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ፣ ከበሩ ውጭ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና ጠየቅኋት።

«ሜሪዬ፣ ታዲያ ትናንት ማታ ቴሌቪዥኑ ጨልሞ ነበር?»

«አይ፣ ብሩህ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አዎ አልሽኝ?»

ጥያቄው ገርሟት አየችኝ። «አንቺ ስላልሽ ነዋ» አለች።

ዛሬ ሁሉ ነገር ከዚያን ጊዜው ይለያል። ቴሌቪዥን በየቤቱ አለ፣ መብራቱም እንደ ድሮው ምስል አይሰበስብም፣ የዓይን ሐኪም ፍለጋ ጎንደር ድረስ ላንሄድ እንችላለን። ሰፈራችን ሜሮንን «ምን ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግሽ» እያለ ይመርቅልኛል፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ምርቃቱን አሜን እያልኩ እቀበል ነበር። ማን አስተማራት? እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ አፏን በመዳፌ ከድኜ ባላውቅም በዓይኔ ከድኜዋለሁ። ናቲን ስንቆጣው እሷ ትሰማ ነበር።

አግዳሚዋ ላይ ብዙ ቆየን። «አይደለም» ማለትን ለልጅ እንዴት እንደሚያስተምሩ እኔን ያስተማረኝ ሰው የለምና፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። በመጨረሻ ወደ ሰማዩ አየሁና «ዝናብ ሊጥል ነው መሰለኝ» አልኳት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሜሮን ቀና ብላ አየች፣ ዞር ብላ ፊቴን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ እኔም መልሷን እጠብቅ ጀመር።